የአንጎለላው ልጅና ክፉ ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ተጉዛችሁ ከሆነ ጫጫን የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ሸኖን ካለፋችሁ በኋላ ብርዱ ጠንከር ይላል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ በግና የገብስ ማሳ ይበዛል፤ ከተማዋ ትመጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ታልፋለች። ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ተሳፋሪ ጭራሽ ሳያያት ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ጫጫ ግን የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንጎለላ ደግሞ ዛሬ ጸጥ ያለ ገጠር ሆኖ ቢታያችሁም፣ ከ180 ዓመት በፊት ከአንኮበር ቀጥሎ የሸዋ ንጉሥ ሁለተኛ መቀመጫ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነው።

ስለ ምኒልክ ሲወራ አብዛኞቻችን የምናውቀው ዓድዋን ነው። ስልክ፣ ባቡር፣ መኪና ይጨመርበታል። የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ፌስቡክ ላይ የሚጣላው በዚያው ዙሪያ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ከዓድዋ በፊት የነበሩትን 5 ዓመታት ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ድረስ ያሉትን። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሏቸው እነዚህ ናቸው።

ለምን አሁን? በ2015 ሰኔ ላይ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ የሚያከፋፍሉትን የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። ለተራበ ሰው የመጣ ስንዴ በሰፊው ወደ ሌላ እጅ እየገባ መሆኑ ስለተደረሰበት ነው። ዕርዳታው ለወራት ቆየ። ስንዴውን የሸጠው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሰልፍ ላይ የነበረው ተቀጣ። ያን ጊዜ ብዙ ወጣት ነገሩ የዚህ ዘመን ብልሽት እንደሆነ አድርጎ ሲናደድ አይቻለሁ። ንዴቱ ልክ ነው፤ ብልሽቱ ግን የዚህ ዘመን ብቻ አይደለም። ከጎተራው እስከ ተራበው አፍ ያለው መንገድ እዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ቀዳዳ ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ነው። ቦታው አንጎለላ ውስጥ እንቁላል ኮሶ የሚባለው እንደሆነ ይነገራል። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አያትየው በድርቅ ጊዜ የቤተ መንግሥት ጎተራ እየከፈቱ ሕዝቡን ያበሉ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ይህን ያዙልኝ። የዚያን ዘመን ሰው ከንጉሥ የሚጠብቀው ነገር ይህ ነው፦ በደህናው ቀን ይሰበስባል፣ በክፉ ቀን ይከፍታል። ኮሚሽን የለ፣ በጀት የለ፣ ለጋሽ የለ። ጎተራና የንጉሡ ልብ ብቻ።

ልጅነታቸውን በአጭሩ እንለፈው። በ1848 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ተማርኮ መቅደላ ወጣ። ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፣ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1857 ሰኔ፣ ምኒልክ ከአምባው አመለጡ፤ በወሎዋ እመቤት በወርቂት አገር አልፈው ሸዋ ገቡና የአያታቸውን መንበር ያዙ። አንኮበር ተቀመጡ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼን ከተሙ፣ ኋላም እንጦጦ ወጡ። በ1875 ጣይቱ ብጡልን አገቡ። በየዓመቱ ወደ ደቡብ እየዘመቱ ግዛታቸውን አሰፉ፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ነጋዴ ጠመንጃ ገዙ። በ1880 መግቢያ ላይ ሸዋ የጠገበ አገር ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣ።

በ1879 ጥር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ ሮም ቂሟን ለመወጣት ብዙ ሺህ ወታደር ምጽዋ አወረደች። ወታደር ይበላል። ለቀለቡ ከባሕር ማዶ ከብት በመርከብ መጣ፤ በብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እንደሚታመነው ከሕንድ የመጣው ከብት የደስታ በሽታን ይዞ ነው የወረደው። የስሙን ነገር አያችሁ? የክፋቱ ክፋት፣ አገሬው በስሙ እንኳ ሊጠራው ስላልደፈረ ደስታ አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ከብት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ስላልተላመደ ምንም መከላከያ አልነበረውም። በበሽታው የተያዘ በሬ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ በሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በአንዳንድ አካባቢ ከ10 ከብት 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሽታው ኢትዮጵያን ጨርሶ አልቆመም፤ 10 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አህጉሩን ቁልቁል ወርዶ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

ከተማ ያደገ አንባቢ ምናልባት ከብት ሞተ ማለት ሥጋና ወተት ጠፋ ማለት ይመስለው ይሆናል። የጫጫን ሜዳ አስቡት። ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ሲዘንብ ጭቃው ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህን አፈር የሚገለብጠው ጥማድ በሬ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ራሱ ጥማድ ይባላል፤ የሄክታር ሩብ ያህል ነው። በሬው ከሞተ ዘር ቢኖርህም አትዘራም። ዘሩን ትበላዋለህ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢመጣም የምትዘራው የለህም፤ የምታርስበትም የለህም። ኩበቱም ይቀራል፣ በዚያ ብርድ። ለዚህ ነው ክፉ ቀን እንደ ተራ ድርቅ አንድ ክረምት በዘነበ ጊዜ ያላበቃው።

ድርቁም ተጨመረበት። በ1880 ክረምት ዝናቡ ከዳ፣ አንበጣና ተምች የቀረውን ጨረሱት። ሰው ከቀዬው ተነቅሎ መንከራተት ሲጀምር ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉት። በመንገድ ላይ የወደቀውን የሚቀብር ጠፍቶ ጅብ ሰው ለምዶ በቀን እስከ መምጣት መድረሱን የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚለው ግምት በብዛት ይጠቀሳል፤ ማንም ቆጥሮ የያዘ ስለሌለ ግምት ሆኖ ነው የሚኖረው። ግማሹም ይሁን ሩቡ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ የትኛውም የኢትዮጵያ ረሃብ የአገሩን ሕዝብ በዚያ መጠን አልበላም።

ምኒልክ ምን አደረጉ? ብዙ አደረጉ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ከፈቱ። እንጦጦ ላይ ለተራበው ዳስ አስጥለው አበሉ። በሬ ከሌለ በእጅ ይቆፈር ብለው ዶማና መቆፈሪያ አስሠሩ። ሰው ግን አፈረ፤ ያን ጊዜ በዶማ መቆፈር እንደ ውርደት ይታይ ነበር፣ የጨዋ ልጅማ አይሞክረውም። ስለዚህ ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወረዱና ቆፈሩ፣ መጥረቢያ ይዘው እንጨት ቆረጡ፤ መኳንንቱም እየቀፈፋቸው ተከተሉ። ሕዝቡ የሚበላው ከብት ሳይኖር እኔ አልበላም ብለው የበሬ ሥጋ እንደተዉም ይነገራል። የዘመናችን ባለሥልጣን አንድ ኩንታል ሲያስረክብ ካሜራ እስኪስተካከል የሚጠብቅ መሆኑን ሳስብ፣ ያ ዶማ ክብሩ ይጨምርብኛል። እርግጥ እሱም በጊዜው ፕሮፓጋንዳ ነበር ሊባል ይችላል። ይሁን፤ ቁፋሮውም ግን ተቆፍሯል።

ነገሩ የሚሰበረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ ምግቡ የነበረው ቤተ መንግሥት ያለበት ቦታ ነው። እንጦጦ መድረስ የቻለ በላ። መራመድ የሚችል፣ ቅርብ ያለ፣ መንገዱን የሚያውቅ። ከጫጫ እንጦጦ በእግር የቀናት መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከመንዝ፣ ከይፋት፣ ከወሎ የሚመጣው ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል። ስንቅ ቢኖረው መቼ ይመጣ ነበር! መጋዣና አህያው በደስታ በሽታ አይያዝም፤ እህሉን ጭኖ ወደ ሰዉ ማውረድ ጨርሶ የማይቻል አልነበረም። ግን ያን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በዚያ ላይ የተዳከመ ሕዝብ አንድ ቦታ ሲከማች በሽታ እንዴት እንደሚዛመት ዛሬ ማንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነግራችኋል።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ረጋ ብለን እንየው፤ ዋናው እሱ ስለሆነ። በምኒልክ ዘመን ሹም ደመወዝ የለውም። ደመወዙ የተሾመበት አገር ነው። ገባሩ እህል፣ ማር፣ ከብት፣ ጉልበት ይሰጠዋል፤ እሱ ከዚያ ለበላዩ ይልካል፣ የቀረው የራሱ ነው። የመንግሥት ጎተራና የሹሙ ጎተራ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም አንድ ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ሰረቀ የሚባለው ማነው? ንጉሡ አብሉ ብለው ቢልኩ፣ ሹሙ መጀመሪያ የሚያበላው ወታደሩን፣ ዘመዱን፣ ደጅ ጠኚውን ነው። ይህን ሲያደርግ ደግሞ እንደ ሌባ አይቆጠርም፤ ቤቱን ያወቀ ጌታ ይባላል እንጂ። ሙስና የሚለውን ቃል እኛ ዛሬ በቀላሉ እንለጥፍበታለን፤ ያኔ ግን የሹመት ትርጉሙ ራሱ ያ ነበር። የ2015ቱ ስንዴ ሻጭ ደመወዝ አለው፣ ሕግ አለው፣ ማኅተም አለው። እሱን የሚያስመካኘው ነገር የለም።

ሦስተኛው ወታደሩ ነው። የንጉሡ ጦር ቀለብ የሚቆረጥለት አልነበረም፤ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይገባል፣ እስኪጠራ ድረስ እዚያው ይበላል። በደህና ጊዜ ራሱ ሸክም ነው። በክፉ ቀን ደግሞ የመጨረሻዋን ቁና የሚወስደው አንበጣው ሳይሆን በር ላይ የቆመው ባለ ጠመንጃ ነው። ምኒልክ ወታደሩ ከገበሬው በግድ እንዳይበላ አዘዙ። ትእዛዙ የወጣው ግን ለዚያው ለተራበው ወታደር ነው፤ ከሌላ የሚበላውን ሳይሰጡ አትብላ ማለት እስከ የት ያስኬዳል?

በዚህ መሐል ታሪክ አላረፈም። በ1881 መጋቢት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሞቱ። ሚያዝያ 25 ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በዚያው ክረምት ጣሊያን አሥመራን ያዘ፤ ሰሜኑ በረሃብ ባዶውን ስለነበር ብዙም የገጠመው የለም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። የአገሪቱ ታላቅ ዘውድ የተጫነው በታላቁ ረሃብ መካከል መሆኑን ልብ በሉ።

ዘውዱ ብቻውን አልሄደም። በዚያው ዓመት መስከረም ራስ መኮንን ጣሊያን አገር ሄደው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋዋሉ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር፣ ከገንዘቡም ብዙው ለመሣሪያ ታስቦ ነበር። ከዘውዱ በኋላ ደግሞ ምኒልክ ትግራይን ለማስገበር ጦር ይዘው እስከ መቀሌ ሄዱ። በዚያ ዓመት ትግራይ ለራሷ የምትበላው አልነበራትም፤ በላዩ ላይ ከሸዋ የመጣ ጦር ተጨመረባት። ጦሩም ራሱ ስንቅ አጥቶ፣ በመንገድ ላይ ሰው እየጣለ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳብኛል። አንዱ ጠመንጃው ባይገዛ ዓድዋ ላይ በምን ይዋጉ ነበር ይለኛል። እውነት አለው፤ ብድሩንም ቢሆን ምኒልክ ከውጫሌ ሲወጡ ከፍለው ዘግተውታል። ሌላው በተራበ ሕዝብ ላይ ጦር መዝመት ምን የሚሉት ነገር ነው ይለኛል። እሱም እውነት አለው። በ1882 መቀሌ ደጃፍ ላይ ለነበረች እናት ከ6 ዓመት በኋላ የሚመጣው ድል ምንም አልነበረም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብንም።

ከዚህ የሚከፋው የደቡቡ ነገር ነው። ሸዋ ከብት አለቀበት፤ ከብት ያለበት ጦር ዘመተ። በክፉ ቀን ዓመታትና ከዚያም ወዲያ ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የተራበው ወታደርም መሳሪያውን ይዞ እህል ወዳለበት አገር ሄዶ ሰፈረ፣ እዚያም ገባር ተደለደለለት። በ1887 ምኒልክ ራሳቸው በመሩት የወላይታ ዘመቻ ብዙ ሺህ ከብትና ምርኮኛ ተነድቶ መጣ። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል፤ የሚነበብ ነገር አይደለም፣ ያስጨንቃል። የሸዋ ገበሬ እንደገና ጥማድ በሬ አገኘ እንበል። በሬው ግን የአንድ ሌላ ገበሬ በሬ ነበር። ዕርዳታ ከለጋሽ ሳይሆን ከጎረቤት ጓሮ ሲመጣ ስሙ ምን እንደሚባል እናንተ ጨርሱት።

የሚያስገርመው፣ ምኒልክ ከክፉ ቀን የተማሩ መሆናቸው ነው። በ1885 አካባቢ የአሥራት ግብር ተደነገገ፦ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ ይሰጣል፣ በምትኩ ወታደር ቤቱ አይገባበትም። ጦሩ ከጎተራ ይቀለባል። በወረቀት ላይ ይህ የረሃቡ ዘመን ትክክለኛ መድኃኒት ነበር፤ የተሰበረውን ቦታ አይተው ነው ያሰሩት። ሥራ ላይ ሲውል ግን ያው የድሮው ሰው ነው የሚሰፍረው። አሥረኛው ስንት ነው የሚለውን ማሳው ዳር ቆሞ በዓይኑ የሚገምተው የሹሙ ሰው ነው። ገማቹን ያላስደሰተ ገበሬ ማሳው በአንድ ጊዜ ያፈራለታል፣ በግምት። ብዙ ቦታም አሥራቱ ተጨመረ እንጂ የድሮው ጫና አልተነሳም። የአሥራት ግምት አቤቱታ ከምኒልክ አልፎ እስከ ልጅ ልጆቻችን አያቶች ዘመን ድረስ ሲሰማ ኖሯል።

እዚህ ላይ ከምኒልክ ትንሽ ልውጣ፤ ጫጫን ደግሞ አልለቅም። በ1965 ወሎ ላይ ድርቅ ሲመታ የተራበው ሰው ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ፤ ከሺህ በላይ የሚሆን ሰው ከተማዋ ዳርቻ ደርሶ ቀይ መስቀል ሊረዳው ሲሞክር ነበር። ከደሴ የሚመጣው መንገድ በደብረ ሲና፣ በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ ነው የሚያልፈው። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው መንገድ፣ ከወሎ የተገዛ እህል በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይወርድ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ረሃብ በጻፈው ታዋቂ መጽሐፉ ይህን ነጥብ አንስቶታል፦ እህሉ ጨርሶ ስለጠፋ አይደለም፣ ወሎዬው መግዣ ስለሌለው ነው። የተራበውና እህሉ በአንድ አስፋልት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ፤ አንዱ በእግሩ፣ ሌላው በመኪና። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ከውጭ ዓለም ሲሸፍን ከርሞ፣ በ1966 ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን አሳየ። ቀጣዩ ዓመት ሲጀምር አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ምኒልክ ቢያንስ ረሃቡን አልደበቁትም፤ ጸሎት አውጀው፣ ዶማ ይዘው፣ አገር እያየ ነው የቆፈሩት።

የቀረውን ሕይወታቸውን ታውቁታላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ አሸነፉ። ጦሩ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ ስንቅ በየጣቢያው ቀድሞ ተሰብስቦለት ነበር፤ በ1882 መቀሌ ላይ ያጡት ስንቅ ትምህርት እንደሆናቸው መገመት ይቻላል። አዲስ አበባ አደገች፣ ባሕር ዛፉ ተተከለ፣ በ1898 ባንክ ተከፈተ። በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ከእነሱም አንዱ የእርሻ ሚኒስትር ነበር። አንጎለላ የተወለደው ልጅ፣ ዶማ ከያዘ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እርሻን መሥሪያ ቤት ሰጠው። ሚኒስትሩ ግን በዙሪያው ደመወዝተኛ ሠራተኛ፣ መጋዘን፣ መዝገብ የሚባል ብዙ ነገር አላገኘም፤ ንጉሡም ብዙ ሳይቆዩ በሽታ ጣላቸው፣ አካላቸው ሰለለ፣ መናገርም ተሳናቸው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተሸሽጎ ቆየ፣ ኋላ በዓታ ለማርያም ገዳም አረፈ። የአንጎለላ ከብት ዘር ከዚያ በፊት ተተክቶ ነበር። የደስታ በሽታ ግን ከእሳቸው በኋላም 90 ዓመት ገደማ ኖረ፤ የእንስሳት ሐኪሞች ክትባት ተሸክመው በረሃ ለበረሃ ሲያሳድዱት ቆይተው፣ በ2003 ሰኔ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።